አውስቢልዱንግህን አታቋርጥ፣ ተራራውም አያመልጥህም

ወንድሜ፣ ደብዳቤህን ሁለቴ አነበብኩት። ጀርመን፣ ሮዘንሃይም ውስጥ የኤሌክትሪክ አውስቢልዱንግ፣ ማለትም የሙያ ሥልጠና፣ ሁለተኛ ዓመትህ ነው። ቅዳሜና እሁድ ኦስትሪያ ውስጥ ባለው የቪልደር ካይዘር ተራራ ሰንሰለት ላይ አለት ትወጣለህ፤ አሁን ትምህርቱን ትተህ ቤርግፉረር፣ ማለትም የተራራ መሪ፣ መሆን አሰኝቶሃል። አባትህ ደግሞ «ድንጋይ ላይ እንድትንጠላጠል አይደለም ያመጣሁህ» ብለውሃል።

ካይዘር ልብህን መውሰዱ አይገርመኝም። ሽታይነርነ ሪነ የተባለው ገደላማ ሸለቆ ውስጥ ስትገባ በአንድ ወገን የፍላይሽባንክ፣ በሌላው የፕሬዲግትሽቱል ተራራ ቀጥ ብለው ይቆማሉ፤ ውሃ ለዘመናት ያሟሟው የኖራ ድንጋይ ጣት የሚገባበት ስንጥቅ ይሰጥሃል። ጀርመናዊው ተራራ ወጪ ሃንስ ዱልፈር የፍላይሽባንክን ምሥራቅ ግድግዳ በ1912 እ.ኤ.አ. ወጣ። በ1977 ደግሞ ራይንሃርድ ካርልና ሄልሙት ኪነ እዚያው ተራራ ላይ ፑምፕሪሰ የተባለውን በአስቸጋሪነቱ ሰባተኛ ደረጃ የሆነ የመውጫ መንገድ ከፈቱ። ካርል የመኪና መካኒክነት የተማረ ሰው ነበር፤ ይህን ልብ በልልኝ።

ቤርግፉረርነት ግን አለት ብቻ አይደለም። ወደ ሥልጠናው ለመግባት በበረዶ ግግር ላይ መውጣትና ካልተጠረገ በረዶ ላይ በስኪ፣ ማለትም በበረዶ መንሸራተቻ፣ መውረድም ትፈተናለህ። ካይዘር ላይ የበረዶ ግግር የለም፤ ደብዳቤህ ውስጥም ስኪ የሚል ቃል አላገኘሁም። አብረውህ ከሚፈተኑት ብዙዎቹ ደግሞ ከሕፃንነታቸው ጀምሮ በስኪ የተንሸራተቱ ናቸው። እነሱ ላይ ለመድረስ ዓመታትና ገንዘብ ይፈልጋል፤ ያንን የሚከፍልልህ አሁን ልትጥለው ያሰብከው ሙያ ነው። እኔ ሙኒክ የቧንቧ ሥራ ተምሬ ነው የጀመርኩት። ማታ ማታ የምክር አገልግሎት ስማር የቤት ኪራዬን የከፈለልኝ ያ ሙያ ነው።

አባትህ ትምህርትህን እንዳትተው ማለታቸው ልክ ነው። ከተለማማጅ ደመወዝህ ግማሹን በየወሩ ለአዲስ አበባው ቤት ግንባታ መውሰዳቸው ግን ልክ አይደለም። የሃያ ዓመት ልጅ ገና ራሱን እየገነባ ነው፤ የቤተሰብ ቤት በእሱ ትከሻ አይቆምም። ቁጭ ብለህ በአክብሮት ንገራቸው፦ «አባባ፣ ትምህርቴን እጨርሳለሁ። ከሚቀጥለው ወር ጀምሮ ግን ያ ገንዘብ ለስኪ ኮርስ ነው።» ይቆጣሉ። አንተ ግን ቃልህን አትጠፍ።

በሃያ ዓመትህ አልዘገየህም። ስለ አደጋ ለጠየቅኸው፣ የጀርመን አልፓይን ማኅበር አባል ስትሆን የነፍስ አድን ወጪ ሽፋን አብሮ ይመጣል።

ቶተንኪርህል በተባለው የካይዘር ጫፍ ላይ ብዙ ጫማ ያለሰለሰው መርገጫ አንሸራቶህ፣ ደመናውም ሲጠቁር ጓደኛህን ይዘህ ከግማሽ መንገድ መመለስህን እንደ ሽንፈት ጽፈህልኛል። ሰው አምኖ ገመዱን የሚሰጠው እንደዚያ ለሚመለስ መሪ ነው። በኅዳር ለስኪ ተመዝገብና ጻፍልኝ።