ወንድማችን አድኖ ያመጣው ሥጋ በክት ነውን?

ጥያቄ፦ መምህር ሆይ፣ እንደምን ሰነበቱ? የምንኖረው በአሜሪካ፣ በሚኒሶታ ግዛት ነው። ዋርሳዬ በየዓመቱ ፈቃድ አውጥቶ አጋዘን ያድናል፤ በሙቀቱ ወራት ደግሞ ከሥራ ባልደረቦቹ ጋር ዓሣ ያጠምዳል፤ ያገኘውንም ያካፍለናል። ዘንድሮ በኅዳር መጀመሪያ በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ የአጋዘን ሥጋ ይዞልን መጣ። ከጎንደር የመጡት አማቴ ግን «በጥይት የሞተ በክት ነው፤ ከድስቴ አይገባም» ብለው ከነጥቅሉ ከደጅ በረዶ ላይ አኖሩት። ዋርሳዬ አንዲት ቃል ሳይናገር ወጣ፤ ከዚያ ወዲህ አልመጣም። ባለቤቴ ጥቅሉን አንሥቶ ከማቀዝቀዣው አስገባው፤ እስካሁን አልተነካም። ብንበላው ኃጢአት ይሆንብናል? ዓሣም ስለማይታረድ በክት ነው የሚሉ አሉና ያስረዱን።

መልስ፦ የተወደድሽ እኅታችን፣ ሰላመ እግዚአብሔር ከቤትሽ ጋር ይሁን። ስለ ረቡዕና ዓርብ፣ ስለ ሌሎቹም አጽዋማት የምታውቂውን አልደግምልሽም። የምቆየው «በክት» በምትለው በአንዲቱ ቃል ላይ ነው፤ ይህችን ቃል ያለ ቦታዋ ስትነገር በአገር ቤትም በስደትም ብዙ ጊዜ ሰምቻታለሁና፣ በእርስዋም ምክንያት ወንድማማቾች ማዕድ ሲለያዩ አይቻለሁና።

ብዙ ምእመናን በክት የሚሉት ዓይናቸው እያየ ካራ ያላረፈበትን ሥጋ ሁሉ ነው። መጽሐፍ ግን እንዲህ አይልም። በሕጉ የተከለከለው ማንም ሳያርደው፣ ደሙም ሳይፈስስ በራሱ የሞተው፣ ወይም አውሬ የሰበረው ነው። ስለሚታደን እንስሳ ደግሞ ለብቻው የተጻፈ ትእዛዝ አለ፤ የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ ያደነ ሰው ደሙን ያፍስስ፣ በአፈርም ይክደነው ይላል (ዘሌ. 17፥13)። አደን ራሱ ርኩሰት ቢሆን ኖሮ ሕጉ አዳኙን ከአደኑ ይከለክለው ነበር እንጂ ከአደነ በኋላ ምን እንዲያደርግ ባላስተማረውም። በዘዳግም ምዕራፍ 12 ሙሴ ሕዝቡ በየከተማቸው አርደው ስለሚበሉት ሥጋ ሲናገር «እንደ ሚዳቋና እንደ ዋላ» ብሉት እያለ ያመሳስለዋል። ዋላና ሚዳቋ በመሠዊያ ላይ የሚቀርቡ አልነበሩም፤ ለመሥዋዕት የሚመረጠው ከላሙ፣ ከበጉና ከፍየሉ ነበር። ይሁን እንጂ በእስራኤል ቤት ማዕድ ላይ በክብር ይቀርቡ ነበር፤ በንጉሡ በሰሎሞን የዕለት ቀለብ ውስጥም ተቈጥረዋል (1 ነገ. 4፥23)። ይስሐቅም ልጁ አድኖ ከሚያመጣለት ይበላ ነበር (ዘፍ. 25፥28)።

በልጅነቴ አያቴ በበለሳ በረሃ ምንሽሩን ይዞ ድኩላ ሲያድን ተከትየው እሄድ ነበር። የተኩሱ ድምፅ ከገደሉ ተመልሶ ሳያበቃ ካራውን ከአፎቱ መዝዞ ይሮጣል። ድኩላው ዓይኑ ሳይፈዝ ይደርስበትና አንገቱን ወደ ምሥራቅ መልሶ «በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ» ብሎ ይባርካል። ደሙ ወርዶ እስኪያልቅ ምንም ሳይነካ ቆሞ ይጠብቃል፤ ከዚያም በእግሩ አፈር እየገፋ ይሸፍነዋል። ለምን አፈር እንደሚያለብሰው አንድ ቀን ብጠይቀው «ነፍሱ ናት፤ ውሻ አይላሳት» አለኝ። አያቴ ፊደል ያልቈጠረ ሰው ነበር። እኔ ግን ከዓመታት በኋላ የዘሌዋውያንን መጽሐፍ ሳነብ ያችን አፈር በፊቴ አየኋት፤ «የሥጋ ሁሉ ሕይወት ደሙ ነው» የሚለውን ቃል ከመምህራኖቼ አስቀድሞ ያስተማረኝ እርሱ ነበርና።

ስለዚህ ሥጋውን ከመጣላችሁ በፊት ዋርሳሽን ጠይቁት፤ ሳይጠየቅ ነው የተፈረደበት። እንስሳው እንደ ወደቀ ደርሶበት ደሙን አፍስሶታልን? የሆድ ዕቃውን በዚያው በሜዳው አውጥቶ ሰቅሎ አንጠፍጥፎታልን? የሥላሴን ስም ጠርቶ ባርኮታልን? በአካባቢያችሁ ያሉ አዳኞች ሥጋው እንዳይበላሽ ሲሉ ሆድ ዕቃውን ወዲያው ያወጣሉ፤ ክርስቲያን ደግሞ ይህንኑ በፈሪሃ እግዚአብሔር ያደርገዋል። ዋርሳሽ እንዲህ አድርጎ ከሆነ ያ ሥጋ በክት አይደለም፤ ጥይቱም ከጥንቱ ቀስት የተለየ ሕግ አያወጣለትም። ነገር ግን ቆስሎ አምልጦ በማግሥቱ ሞቶ የተገኘ ከሆነ፣ ወይም መኪና ገጭቶት መንገድ ዳር ወድቆ የተነሣ ከሆነ፣ አማትሽ ያሉት ልክ ነው፤ አትብሉት። የክርስቶስ ሐዋርያት በኢየሩሳሌም ተሰብስበው ከአሕዛብ ለመጡት ምእመናን ሸክም ሲያቀልሉ እንኳ ደምንና የታነቀን አልፈቀዱም (ሐዋ. 15፥29)፤ ቤተ ክርስቲያናችንም እስከ ዛሬ በዚህ ትጸናለች።

እዚህ ላይ «ሰውን የሚያረክሰው ወደ አፍ የሚገባው አይደለም» የሚለውን የጌታን ቃል አንሥተው ሁሉም ነገር ተፈቅዷል የሚሉ አሉ። ጌታ ያን የተናገረው ፈሪሳውያን ደቀ መዛሙርቱን ባልታጠበ እጅ ስለ መብላት ሲከስሱአቸው እንደ ሆነ እዚያው ተጽፏል (ማቴ. 15፥20)። ቃሉን ከአፉ የሰሙት ሐዋርያት ናቸው በኋላ ደም አትብሉ ያሉት፤ እኛ ከእነርሱ ይልቅ ቃሉን የተረዳን መስለን ልንታይ አይገባንም።

የዓሣው ነገር ይቀላል። ሙሴ በምድረ በዳ ለሕዝቡ የሚበቃ ሥጋ ከየት እንደሚገኝ ሲጠይቅ በጎችና ላሞች ይታረዱላቸዋልን፣ የባሕር ዓሣ ይሰበሰብላቸዋልን ብሎ ነበር (ዘኍ. 11፥22)። በጉ ይታረዳል፣ ዓሣው ይሰበሰባል፤ ቃሉ ራሱ ለያይቷቸዋል። ዓሣን እረዱ የሚል ትእዛዝ ከቶ የለም፤ ስለዚህ ዓሣ ባለመታረዱ በክት አይባልም፣ ያጠመደውም ሰው ከእኛ ቤተ ክርስቲያን አለመሆኑ ዓሣውን አያረክሰውም። ሕጉ የሚጠይቀው ክንፍና ቅርፊት እንዲኖረው ነው፤ በጣና ዳር ያሉ ብዙ ምእመናን ቀረሶውን በልተው አምባዛውን የሚተዉት በዚህ ነው፣ እናንተም በዚያ ካትፊሽ የሚባለውን በዚሁ ሥርዓት እዩት። ጌታችን ከትንሣኤው በኋላ በባሕሩ ዳር ፍም አንድዶ ዓሣ አኑሮበት ሳለ፣ ለደቀ መዛሙርቱ «አሁን ካጠመዳችሁት ዓሣ አምጡ» አላቸው (ዮሐ. 21፥10)። የራሱ ምግብ ተዘጋጅቶ እያለ ወዳጆቹ ሌሊቱን ሙሉ ደክመው በማለዳ ያጠመዱትን ጠየቀ። ይህን ቃል ባነበብሁ ቍጥር ልቤ ይነካል፤ የሰው ድካም በእጁ ተይዞ ሲመጣ እንዴት እንደሚቀበሉት አይበታለሁና።

ከኦርቶዶክሳውያን ውጭ የሆነ ባልደረባ የአጋዘን ሥጋ ቢሰጣችሁ ግን እንደ ዓሣው አይደለም። በአገራችን ክርስቲያን የክርስቲያን እጅ ያረደውንና የባረከውን እንዲበላ በሥርዓት የኖርን ነንና፣ በዚህ የንስሐ አባታችሁን ሳትጠይቁ አትቍረጡ፤ ሰጪውንም በፊቱ አታሳፍሩት፣ አመስግናችሁ ተቀበሉት። ደግሞም ልንገርሽ፤ የወንድማቸውን አደን ከደጅ የመለሱ ሰዎች ቤት ገብቼ፣ በዚያው ማቀዝቀዣ ማን እንዳረደው አንድ ቀን እንኳ ያልጠየቁትን የሱቅ ዶሮ አይቻለሁ። የማናውቀውን ሳንመረምር እየበላን፣ ስሙን የምናውቀውን፣ አብሮን ቅዱስ ሥጋውንና ክቡር ደሙን የሚቀበለውን ወንድማችንን ብቻ መመርመራችን ፍርድ ያስከትልብናል።

ዋርሳሽ ፈቃድ አውጥቶ በወቅቱ ማደኑም ይመሰገንለታል፤ ያለ ፈቃድ የታደነ የሌላውን ንብረት እንደ መውሰድ ነውና። ይህን የማነሣው በአገር ቤት ለሚያነቡንም ነው፤ የዘዳግም ፈቃድ ከሰሜን ተራሮች በቀር በዓለም ላይ የማይገኘውን ዋልያን ለመግደል ምክንያት አይሆንም።

አማትሽን በተመለከተ በክፉ አትመልከቺአቸው። ያን ጥቅል ከደጅ ያኖሩት ከፍርሃተ እግዚአብሔር የተነሣ ነው፤ ድስታቸውን እንዲህ ሲጠብቁ የኖሩ እናቶች ናቸው ሃይማኖቱን ለእኛ ያደረሱልን። የጎደለው አንድ ነገር መጠየቅ ነበር። ስለዚህ ዋርሳሽ መጥቶ እንዴት እንዳደነው በራሱ አንደበት ይንገራቸው፤ ልጃቸው ነውና ይሰሙታል። ሰምተው ልባቸው እሺ ካለ እሰየው፤ እሺ ካላለ አታስገድዷቸው፣ በሌላ ድስት ሥሩት፣ ለእርሳቸው ምስር ይቅረብላቸው፣ በማዕዱም ስለ ሥጋው ክርክር አይነሣ።

ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ሥጋው እስከ ልደት በማቀዝቀዣው ይቈይ። ወንድማችሁን ግን እስከዚያ አታቈዩት፤ ይህን እንዳነበብሽ ባለቤትሽ ይደውልለት፣ አማትሽም በስልኩ ያናግሩት።