የአንባቢያን ጥያቄ፦ ኮሶ፣ ጓያ፣ ቁንጭር፣ አልቅትና ወስፋት

ከወሎ የደረሱን ደብዳቤዎች በዝተው ስለቆዩ የዚህን ዕትም አምድ ለእነሱ ሰጥተነዋል። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርገናል።

ጥያቄ፦ አሰላሙ አለይኩም፣ እንደምን ከረማችሁ። ለዓረፋ ያረድነውን በሬ ጥሬውን በልተን ነበር። ይኸው ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው ኮሶ ታየብኝ። ወንድሜ «ሚጥሚጣውን አሳንሰህ ነው» ይለኛል፤ እናቴ ደግሞ «አበባውን ወቅጬ ላጠጣህ» ትላለች። ማንን ልስማ? (ከኮምቦልቻ)

መልስ፦ ወአለይኩም ሰላም። የወንድምዎን ይተዉት። ሚጥሚጣ፣ አዋዜ፣ ሰናፍጭ፣ ሎሚ፣ አረቄ፣ አንዳቸውም ኮሶን አይገድሉም፤ እጩ፣ ማለትም ገና ያላደገው ትል፣ ያለው ሥጋው ላይ ሳይሆን ሥጋው ውስጥ ነውና። በጡንቻው ክሮች መሐል ውሃ በቋጠረች ከረጢት ተሸፍኖ ይቀመጣል። ከረጢቷ ከሩዝ ፍሬ እስከ አተር ፍሬ ታክላለች፤ ነጣ ብላ ታበራለች። ብርሃን ላይ አድርገው ቢያዩዋት መሐሏ ላይ አንዲት ነጭ ነጥብ አለች፤ የትሉ ራስ እሷ ናት። የሥጋ መርማሪዎች የከብቱን መንጋጋ፣ ምላስና ልብ ሰንጥቀው የሚያዩት ከረጢቶቹ እዚያ ስለሚበዙ ነው። በበሬው ውስጥ ያሉት ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ግን ከመርማሪም ዓይን ያመልጣሉ፤ ግቢ ውስጥ የታረደውንማ ማን ይመረምረዋል።

እጩ ከተዋጠ በኋላ በራሱ ላይ ባሉት አራት መምጠጫዎች የትንሹን አንጀት ግድግዳ ይይዛል። ያ ራስ ከ2 ሚሊ ሜትር አይበልጥም። ከሥሩ ያለው አንገት ግን ቁራጭ በቁራጭ ላይ እየጨመረ ያድጋል፤ ከ1000 እስከ 2000 ቁራጮች ይደርሳል፤ ርዝመቱም ብዙውን ጊዜ ከ4 እስከ 10 ሜትር ይሆናል። ጫፍ ላይ ያሉት ቁራጮች እንቁላል ሲሞሉ ይበጠሳሉ። እያንዳንዱ ቁራጭ ወደ 2 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፣ ነጭና ጠፍጣፋ ነው፣ በራሱም ይንቀሳቀሳል። ሰው ሳይቀመጥ በልብሱ ላይ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ከተበላበት ቀን አንስቶ ቁራጭ እስኪታይ ሁለት ወር ተኩል ወይም ሦስት ወር ይፈጃልና የእርስዎ ቀን አቆጣጠር ልክ ነው።

እናትዎ የሚሉት አበባ መሠረት አለው። የሴቴዋ የኮሶ ዛፍ ቀይ አበባ ትሉን በእርግጥ ያዳክማል። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1769 እስከ 1771 አገራችን የቆየው ጄምስ ብሩስ ስለ ዛፉ ጽፎ ነበር፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመንም አበባው በአውሮፓ የመድኃኒት መዛግብት ገብቷል። ችግሩ ሁለት ነው። አንደኛ፣ ብዙ ጊዜ አካሉን አውጥቶ ራሱን ያስቀራል፤ ራሱ ከቀረ በሦስት ወር ውስጥ እንደገና ቁራጭ ይጥላል። የቀደሙት ሰዎች በየሁለት ወሩ ኮሶ የሚጠጡበት ምክንያት ይኸው ነው። ሁለተኛ፣ በእፍኝ የሚለካ ነገር መጠኑ አይታወቅም፤ ከበዛ በብርቱ ያስመልሳል፣ የዓይን ነርቭ ያበላሻል፣ ሕይወትም ያጠፋል። ስለዚህ አበባውን አይጠጡ። ጤና ጣቢያ ሄደው ፕራዚኳንቴል ይጠይቁ፤ በኪሎ ከ5 እስከ 10 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ብቻ የሚዋጥ ነው፤ 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከአንድ ባለ 600 ሚሊ ግራም ኪኒን አይበልጥም። ኒክሎሳማይድ ከሆነ ደግሞ ለአዋቂ ባለ 500 ሚሊ ግራሙ አራት ኪኒን በደንብ ታኝኮ ይዋጣል። ትሉ አንጀት ውስጥ ተፈጭቶ ስለሚወጣ ራሱን ሰገራ ውስጥ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ሦስት ወር ሙሉ ቁራጭ ካልታየዎት ድነዋል ማለት ነው።

አንድ ነገር እንጨምር፤ ብዙ ሰው አያውቀውምና። ይህ ኮሶ ከበሬና ከላም እንጂ ከበግና ከፍየል አይመጣም። የበግ ጥሬ ሥጋ ሌላ በሽታ ስለሚያመጣ ግን እሱንም አብስለው ይብሉት። ክትፎውም ለብ ለብ ብሎ መሐሉ ቀይ ከቀረ እጩ አልሞተም፤ መሐሉ ድረስ ከ60 ዲግሪ በላይ መሞቅ አለበት። ጥሬ ካልሆነ የማይሆንለት ሰው ሥጋውን ከዜሮ በታች 10 ዲግሪ በሚያወርድ ማቀዝቀዣ ቢያንስ 10 ቀን ያቆየው። የቤት ፍሪጅ የላይኛው ክፍል መብራት በሄደ ቁጥር ስለሚሞቅ አይታመንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። በእኛ አገር ጓያ የሰበራቸው ሰዎች ዛሬም በዱላ ይሄዳሉ። አባቴ ጓያ ሲቀቀል «እንፋሎቱ እግር ይይዛል» እያሉ ያርቁን ነበር። ዘንድሮ ባቄላውን ውርጭ መታብን፣ የተረፈን ጓያው ነው። እንዴት አድርገን እንብላው? (ከደላንታ)

መልስ፦ እንፋሎቱ ማንንም አይይዝም፤ ጭዱም ቢሆን እንዲሁ። ጓያ የሚጎዳው ሲበላ ነው፤ እሱም ዋና ምግብ ሆኖ፣ ሌላ እህል ሳይቀላቀለው፣ ለሁለት ለሦስት ወር ሲዘወተር። ፍሬው ውስጥ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ኦዳፕ የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ይህ ነገር የነርቭ መልእክት አስተላላፊን መስሎ ይገባና ከአንጎል ወደ እግር የሚወርዱትን ረጃጅም ነርቮች ከመጠን በላይ እያነቃቃ ይገድላቸዋል። የሞተ ነርቭ አይመለስም። ለዚህ ነው በእኛ አቆጣጠር በ1980ዎቹ መጨረሻ በደላንታና ዳውንት በተነሳው ወረርሽኝ እግራቸውን ያጡ ሰዎች እስከ ዛሬ በዱላ የሚሄዱት።

ጓያ ክፉ ሰብል አይደለም። ዝናብ ሲጠፋም፣ ዋልካው ውሃ ሲያቁርም ሌላው ሁሉ ሲጠወልግ እሱ ቆሞ ያፈራል። አደጋውም የሚመጣው ከዚሁ ነው፤ ሌላ እህል በጠፋበት ዓመት ሰው እሱን ብቻ ይበላል።

በተለይ የሚያሰጋው እሸቱን፣ ቆሎውንና ንፍሮውን መብላቱ ነው። እሸቱ ለእረኛ ልጆች ቅርብ ነው፤ ቆሎውን ማሳ የሚውሉ ወጣቶች ቀኑን ሙሉ ይቆረጥሙታል። በበሽታው ይበልጥ የሚጠቁት ወጣት ወንዶች ናቸው። ሽሮው በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርትና በዝንጅብል ተሠርቶ በእንጀራ ሲበላ አደጋው በጣም ይቀንሳል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ጓያውን ይልቀሙና ይጠቡት። በአራት እጥፍ ውሃ ዘፍዝፈው ያሳድሩት፤ ኦዳፕ በውሃ ይሟሟል። ጠዋት ያንን ውሃ ይድፉት፤ ወጥ ውስጥ አይጨምሩት። በሌላ ብዙ ውሃ አንድ ጊዜ አፍልተው ያንንም ይድፉት። ከዚያ ፀሐይ ላይ አድርቀው፣ ከክተው፣ ያስፈጩት። ብዙ ቤት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፦ ውሃ ከሩቅ ሲቀዳ መድፋቱ ያሳዝናልና መርዙ የወጣበት ውሃ ተመልሶ ለወጡ ይውላል። ሌላውን ሥራ ሁሉ ከንቱ የሚያደርገው ይህ ነው። ለቂጣ ሲሆን ለአንድ ጣሳ የጓያ ዱቄት ሦስት ጣሳ የጤፍ፣ የስንዴ፣ የገብስ ወይም የማሽላ ዱቄት ይቀላቅሉ። ጓያ የሚጎድለውን ድኝ ያለበት የፕሮቲን ክፍል እነዚህ እህሎች ይሞሉለታል። ቤት ውስጥ ከሚበላው ሁሉ የጓያው ድርሻ ሩቡን ባያልፍ ጥሩ ነው። የእርዳታ ስንዴ ከመጣም እባካችሁ ዋጋ አወጣ ብላችሁ አትሽጡትና ጓያ አትግዙበት፤ ከጓያው ጋር ቀላቅላችሁ ብሉት።

ምልክቱን ቤተሰብ ሁሉ ይወቅ። አንድ ወጣት ጠዋት ሲነሳ ወይም ከሥራ ሲመለስ ባቱ ከተኮማተረ፣ እግሩ ከከበደው፣ ጉልበቱ ከራደና ከታጠፈ፣ ያን ዕለት ጓያውን ያቁም፤ «እስኪጣራ» አይባልም። ከዘገየ እግሮቹ ይገተሩና እንደ መቀስ እየተጠላለፉ በጣቶቹ ጫፍ መሄድ ይጀምራል፤ ከዚያ አንድ ዱላ፣ ከዚያ ሁለት ዱላ። ጓያ የያዘው እግር እንደ ፖሊዮ አይልፈሰፈስም፣ ይገተራል እንጂ፤ አእምሮና የመዳሰስ ስሜትም አይነካም። ጤና ተቋም ወስዶ ማስመርመሩ ሌላ በሽታ አለመሆኑን ለማረጋገጥና መገተሩን ለማላላት ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ የዘጠኝ ዓመቱ ልጄ አፍንጫው ላይ ቁስል ከወጣበት ስድስት ወር ሆነው። አያመውም፣ ግን እየሰፋ ነው። ቁንጭር ነው አሉን። አክስቱ በጋለ ብረት ይተኮስ ትላለች፤ ጎረቤት ደግሞ ከእሱ ኩባያ አትጠጡ ይላል። ቤታችን ከገደል ሥር ነው። (ከጠንታ)

መልስ፦ እናቴ፣ ብረቱን ከልጁ ፊት ያርቁ። ቃጠሎው ላዩን ያጠፋና ከሥር ያለውን ተውሳክ ይተወዋል፤ ጠባሳው ግን ዕድሜ ልክ ይኖራል። የባትሪ ውሃ መቀባትም ያው ነው። በኩባያ፣ በመሳም ወይም አብሮ በመተኛት አይተላለፍም፤ ልጁ ከወንድሞቹ ጋር በአንድ ትሪ ይብላ።

ያሉበትን ቦታ መጥቀስዎ ዋናውን ነገር ይነግረናል። ቁንጭርን የሚያስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ ነው፤ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሜትር የሚሆን፣ ድምፅ የሌለው፣ እንደ መዝለል እያደረገ የሚበር ነፍሳት። ቀን በድንጋይ ስንጥቅ ይደበቃል፣ ከምሽት ጀምሮ ይናከሳል። በዚያው ገደል ውስጥ የሚኖረው ሽኮኮ ተውሳኩን ሳይታመም ይሸከማል፤ ዝንቡ ከሽኮኮው ደም ጋር ወስዶ ለሰው ያቀብላል። በአገራችን በደጋና በወይና ደጋ፣ በተለይ በገደላማ ቦታ የሚበዛው በዚህ ምክንያት ነው። ፊት ስለማይሸፈን ቁስሉም ፊት ላይ ይበዛል። ብጉር መስሎ የሚጀምረው ከንክሻው ሳምንታት ወይም ወራት ቆይቶ ስለሆነ ማንም ንክሻውን አያስታውሰውም።

ቁስሉ ሳይታከም በራሱ ሊድን ይችላል፤ ግን ዓመታት ይወስዳል፣ ፊትንም ያበላሻል። አፍንጫ ወይም ከንፈር ላይ ያለው ወደ ውስጥ ሊገባ ስለሚችል አይጠበቅም። ደሴ አጠገብ ያለው የቦሩ ሜዳ ሆስፒታል ይህን በሽታ ያክማል። ከቁስሉ ጠርዝ ትንሽ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ ይታያል፤ ከዚያ እንደ ሁኔታው በፈሳሽ ናይትሮጅን ይቀዘቅዛል፣ መርፌ እዚያው ቁስሉ ውስጥ ይወጋል፣ ወይም ለ28 ቀን ያህል በየቀኑ መርፌ ይሰጣል። ጸበሉን አይተዉ፤ ሕክምናውንም ጨርሰው ያስጨርሱት። መርፌውን ግማሽ ላይ ማቋረጥ በሽታው እንዲያገረሽ ያደርጋል። ለቤቱ በመድኃኒት የተነከረ አጎበር ይጠቀሙ፤ ተራ አጎበር ቀዳዳው ለዚህ ዝንብ ሰፊ ነው።

ጥያቄ፦ ከብት የምትጠብቅ ልጄ በአንድ አፍንጫዋ ደም ይወርዳታል፣ ይቆማል፣ ተመልሶ ይወርዳል። ሁለት ሳምንት ሆናት። ነስር ነው? (ከወረባቦ)

መልስ፦ በአንድ አፍንጫ ብቻ የሚመላለስ ደም፣ ያውም ከምንጭ ጎንበስ ብሎ በሚጠጣ ልጅ ላይ፣ መጀመሪያ አልቅት ያስጠረጥራል። ሲገባ እንደ ክር የቀጠነ ስለሆነ አይታይም። ጥርሱ ደንዳና ቆዳ አይበሳም፤ ስለዚህ የአፍንጫንና የጉሮሮን ስስ ሽፋን ይመርጣል። ምራቁ የማያሳምም፣ ደምም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነው። ልጅቷ ሳይሰማት እየጠጣ ያብጣል።

በደህና ብርሃን አፍንጫዋን ይዩ፤ የሚያብለጨልጭ ጥቁር አረንጓዴ ነገር ወጣ ገባ ሲል ታዩ ይሆናል። ቀዝቃዛ ውሃ በገበቴ አስቀምጣ ፊቷን ስታስጠጋ ውሃውን ፈልጎ ብቅ ማለት ልማዱ ነው። ቢታይም አይጎትቱት። ግማሹ ተበጥሶ ይቀራል፤ ወይም ለቆ ወደ አየር ቧንቧ ይወርዳል። ጤና ተቋም ውስጥ በማደንዘዣ አስለቅቀው በወረንጦ ያወጡታል፤ ሥራው የደቂቃዎች ነው። ድምጿ ከጎረነነ፣ ደም ከተፋች ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ሌሊትም ቢሆን ይውሰዷት። ደሟ እንዳነሰም ያስለኩላት። ከእንግዲህ የምንጩን ውሃ በአራት የታጠፈ ነጠላ አጥልላ ትጠጣ።

ጥያቄ፦ «ወስፋቴ ጮኸ» የምንለው እውነት ወስፋት ስለሚጮህ ነው? (ተማሪ፣ ከወልድያ)

መልስ፦ ወስፋት ድምፅ የለውም። ሆድ ባዶ ሲሆን ጨጓራና አንጀት በየአንድ ሰዓት ተኩል ወይም ሁለት ሰዓት ጠንካራ የመጨማደድ ማዕበል ያሳልፋሉ፤ የቀረውን ፍርፋሪና ፈሳሽ ጠርገው ወደ ታች ይገፋሉ። የሚጮኸው በዚያ ጠባብ መንገድ ከፈሳሹ ጋር የሚገፋው አየር ነው። ምግብ ሲገባ ማዕበሉ ይቆማል።

እውነተኛው ወስፋት ዝም ብሎ የሚኖር ነው። ሴቷ ከ20 እስከ 35 ሴንቲ ሜትር ትረዝማለች፣ በቀን ወደ 200,000 እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ አፈር ውስጥ ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ካልቆየ አይበክልም፤ ስለዚህ ከታማሚ ሰው በቀጥታ አይያዝም፤ መንገዱ ያልታጠበ እጅ፣ ያልታጠበ ጎመንና ካሮት ነው። የተፈለፈለው እጭ በደም ሳንባ ድረስ ሄዶ፣ በሳል ወደ ጉሮሮ ወጥቶ፣ ተመልሶ ይዋጣል። ልጆች ከትል በፊት ደረቅ ሳል የሚይዛቸው አንዳንዴ ከዚህ ነው። ከሁለት ዓመት በላይ ለሆነው አልቤንዳዞል 400 ሚሊ ግራም አንድ ጊዜ ይበቃል። ሆዱ የተነፋ፣ የሚያስመልሰውና ሰገራም ጋዝም ያቆመ ልጅ ግን ኪኒን አይሰጠው፤ ትሎቹ ተቋጥረው አንጀቱን ዘግተው ይሆናልና በቀጥታ ሆስፒታል ይግባ።