ዝይ ትልቅ ዶሮ አይደለችም፦ የጀማሪዎች ጥያቄና መልስ

ዶሮና ዝይን በአንድ ግቢ ማርባት ከጀመርኩ 14 ዓመት ሆኖኛል። ሰሞኑን ዶሮ እያረቡ ዝይ ለመጨመር ያሰቡ ሰዎች ብዙ ጥያቄ ልከውልኛል፤ ዛሬ በተራ እመልሳለሁ። አስቀድሜ ግን አንድ ነገር ልናገር፦ በመጀመሪያው ዓመት የሞቱብኝ የዝይ ጫጩቶች በሙሉ የሞቱት እንደ ዶሮ ጫጩት ስለያዝኳቸው ነው። አንዳንዱ መልሴ ጠንከር ያለ ከመሰላችሁ ምክንያቱ ይኸው ነው።

ጥያቄ፦ ስድስት ዶሮዎች አሉኝ። ሁለት ዝዮች ባመጣ በዶሮዎቹ ቤት አብረው ማደር ይችላሉ?

መልስ፦ ቀን አብረው ይዋሉ፤ ሌሊት ግን ይለዩ። ሰው ሁሉ የሚፈራው ጠብን ነው፤ ይበልጥ የሚያስቸግረው ግን እርጥበት ነው። ዝይ ቀኑን ሙሉ ሣር ስትግጥና ውሃ ስትጠጣ ስለምትውል ኩሷ ብዙና ውሃማ ነው። ደረቅ የነበረው ጉዝጓዝ በጥቂት ቀን ውስጥ ይረጥባል፤ ከእርጥብ ጉዝጓዝ የሚነሣው አሞኒያ የተባለ ጋዝ ደግሞ የዶሮን ዓይንና መተንፈሻ ይጎዳል። ኮክሲዲዮሲስ የተባለውን የአንጀት በሽታ የሚያመጣው ተውሳክም የሚመቸው እንዲህ ያለ ቦታ ነው። በዚያ ላይ ዶሮ ቆጥ ላይ ትወጣለች፣ ዝይ መሬት ላይ ትተኛለች፤ ከቆጥ ሥር የተኛች ዝይ የዶሮ ኩስ ሲወርድባት ያድራል።

ሌላ ቤት መሥራት ካልቻሉ የቤቱን መሐል በወንፊት ሽቦ ይክፈሉ፤ ለአንድ ዝይ 1 ካሬ ሜትር ያህል ይተዉላት። በሩ ሰፊ ይሁን፣ መግቢያውም ደረጃ ወይም ከፍ ያለ መረማመጃ አይኑረው።

ጥያቄ፦ የዶሮ ጫጩት መኖ ለዝይ ጫጩት ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል፤ እንዳለ ግን አይሰጥም። የዝይ ጫጩት ኒያሲን የሚባለውን ቫይታሚን ከዶሮ ጫጩት እጥፍ ገደማ ትፈልጋለች። ሲጎድልባት እግሯ ይጎብጣል፣ የእግሯ መገጣጠሚያ ያብጣል፤ ቆማ መሄድ ትታ እየተቀመጠች ትውላለች። መኖው ላይ የቢራ እርሾ መነስነስ ጉድለቱን ይሞላል፤ እግሯ ከጎበጠ በኋላ ከመሯሯጥ ከመጀመሪያው ቀን መጀመር ይሻላል።

ፕሮቲኑንም ልብ ይበሉ። ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ሳምንታት 20 በመቶ ገደማ የሆነ መኖ ይስማማታል፤ ከዚያ በኋላ ወደ 15 ወይም 16 በመቶ ዝቅ ይበል፣ ሣሩም ይብዛ። ፕሮቲኑ በጣም የበዛ መኖ ስትበላ ሰውነቷ ከአቅም በላይ ይፈጥንና የክንፏ ጫፍ ወደ ውጭ ይገለበጣል። ገና እንደጀመረ ካዩት ክንፉን በተፈጥሯዊ አቀማመጡ አጥፈው ለጥቂት ቀናት በለስላሳ ፋሻ ቢያስሩት ይመለሳል፤ ካደገች በኋላ ግን አይስተካከልም።

የእንቁላል ጣይ ዶሮ መኖ ለጫጩት አይስጡ፤ በውስጡ ያለው ከ3.5 እስከ 4 በመቶ የሚደርስ ካልሲየም ለእንቁላል ቅርፊት የታሰበ ነው፣ ያልደረሰችን ወፍ ኩላሊት ይጎዳል። መድኃኒት የተቀላቀለበት የዶሮ መኖም የተመጠነው ለዶሮ ነው፤ ዝይ ደግሞ ከዶሮ አብልጣ ትበላለች። የእንስሳት ሐኪም ሳያማክሩ አይስጡ።

በዚህ ጉዳይ ላይ ከምንም በላይ የምለምናችሁ የሻገተ እህል እንዳትሰጡ ነው። እኔ አንድ ጊዜ «ዶሮዎቹ በልተውት ምንም አልሆኑም» ብዬ ጠርዙ የሻገተ መኖ ሰጥቼ አምስት ጫጩቶች በአንድ ሳምንት ቀብሬአለሁ። በሻጋታ የሚፈጠረው አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ጉበትን የሚያጠፋ ሲሆን፣ ዳክዬና ዝይ ከዶሮ ይልቅ በእሱ ቶሎ ይጎዳሉ። መርዙ የታወቀው እንኳ በ1960 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝ አገር ከ100,000 በላይ የቱርክ ዶሮዎች የተበከለ የኦቾሎኒ ፋጉሎ በልተው ካለቁ በኋላ ነው።

ጥያቄ፦ ኩሬ የለኝም። ዝይ ያለ ኩሬ መኖር ትችላለች?

መልስ፦ ትችላለች። የግድ የሚያስፈልጋት ጭንቅላቷን ሙሉ በሙሉ የምትነክርበት ጥልቅ ውሃ ነው፤ አፍንጫዋንና ዓይኗን የምታጸዳው በዚያ ነው። ለዶሮ የሚሆነው ጥልቀት የሌለው መጠጫ አይበቃትም። አንድ ሰፊ ገንዳ ያስቀምጡ፤ ውስጡ ግን ትልቅ ድንጋይ ወይም ጡብ ይኑር፤ ዶሮ ወይም ጫጩት ብትወድቅ ረግጣ ትወጣበታለች። የዶሮዎቹን ውሃ ደግሞ ዝዮቹ የማይደርሱበት ቦታ ያድርጉ፤ አለበለዚያ በየሰዓቱ ጭቃ ሆኖ ያገኙታል።

ያለ እናት የሚያድጉ ጫጩቶች ውሃ ላይ ለመዋኘት እንዳይቸኩሉ። ላባቸውን የሚያወዛው ቅባት ገና በቂ ስላልሆነ ውሃው ዘልቆ ይገባና በብርድ ይሞታሉ።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኔ ተማሪ ነኝ። ወንዱ ዝያችን ከአንድ ወር ወዲህ ውሃ ልቀይር ስገባ አንገቱን ዘርግቶ እየነፋ ያባርረኛል። ድሮ እንዲህ አልነበረም።

መልስ፦ ልጄ፣ ሴቷ እንቁላል መጣል ጀምራለች ማለት ነው፤ እሱ ጎጆዋን እየጠበቀ ነው። ወቅቱ ሲያልፍ ይበርዳል። እስከዚያው አትሩጥ፤ ከሮጥክ ማባረሩ እንደሠራ ይማርና ነገ አብልጦ ይመጣል። ቀጥ ብለህ ቁም፣ እጆችህን ወደ ጎን ዘርጋ፣ ቀስ ብለህ አንድ ሁለት እርምጃ ወደ እሱ ሂድ። አብዛኛውን ጊዜ ይመለሳል። አትምታው፣ በእግርህም አትግፋው፤ ጥላቻን አይረሳም። ታናናሾች ካሉህ ብቻቸውን አይግቡ፤ የክንፉ ምት ቀላል አይደለም።

ጥያቄ፦ ዝይን አንሥተን ስንይዛትስ?

መልስ፦ በእግሯ በፍጹም አትያዝ! ዶሮ በእግሯ ስትያዝ የለመደ ሰው በዝይም ላይ ይደግመዋል፤ የዝይ እግር ግን ያንን ክብደት አይችልም፣ መገጣጠሚያው ወልቆ አንካሳ ሆና ትቀራለች። አንገቷን ከሥሩ በቀስታ ያዙ፣ በሌላው እጅ ክንፎቿን ከሰውነቷ ጋር አጣብቁ፣ ከዚያም ፊቷን ወደ ኋላችሁ አዙራችሁ በብብታችሁ ሥር እቀፏት።

ጥያቄ፦ ለመለማመድ አንድ ብቻ ብጀምርስ? ከዶሮዎቹ ጋር ትላመዳለች ብዬ ነው።

መልስ፦ እባክዎ አያድርጉት። ዝይ በቡድን የሚኖር ፍጥረት ነው፤ ዶሮ ጓደኛ አይሆናትም። ከእንቁላል ስትወጣ መጀመሪያ ያየችውን ተንቀሳቃሽ ነገር እንደ እናት ትከተላለች፤ በ1973 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት የተጋራው ኮንራድ ሎሬንዝ ይህን ባሕርይ ያጠናው በዝይ ጫጩቶች ላይ ነበር። ብቻዋን በሰው እጅ ያደገች ዝይ በተለዩአት ቁጥር ስትጮኽ ትውላለች፤ ወንድ ከሆነ ደግሞ ሲጎረምስ ሰውን እንደ ተቀናቃኝ ይቆጥራል። ሁለት ይውሰዱ፣ ቢቻል ሦስት።

ጥያቄ፦ ወንድ ዝይ ከሴት ዶሮዎች ጋር ብቻውን ቢሆን ችግር አለው?

መልስ፦ አለው። አውራ ዶሮ ወደ ውስጥ የሚገባ ብልት የለውም፤ ወንድ ዝይ ግን አለው፤ ክብደቱም ሌላ ነው። የራሱ ሴቶች ከሌሉት ዶሮ ላይ ሊወጣና ሊያቆስላት፣ ሊገድላትም ይችላል። ለአንድ ወንድ ከሁለት እስከ አራት ሴት ዝዮች ይኑሩት።

ጥያቄ፦ ዶሮዬ የዝይ እንቁላል ታቅፋ መፈልፈል ትችላለች?

መልስ፦ ትችላለች፤ ለእኔም ከማሽን በላይ የተሳካልኝ በዚህ መንገድ ነው። ግን ያግዟት። ከአራት እስከ ስድስት እንቁላል ይበቃታል። እንቁላሉ ስለሚከብዳት በደንብ ማገላበጥ አትችልም፤ መብል ፍለጋ ስትነሣ እርስዎ በቀን ሁለት ሦስት ጊዜ ያገላብጡላት፤ እንዳይምታታብዎ በአንዱ ጎን በእርሳስ ምልክት ያድርጉ። የዶሮ እንቁላል በ21 ቀን ሲፈለፈል የዝይ ግን 30 ቀን ገደማ ይወስዳል። ስለዚህ መታቀፍ የምታዘወትር፣ ታጋሽ ዶሮ ይምረጡ፤ በእነዚያ ትርፍ ቀናት መኖና ውሃ አጠገቧ ይቅረብ። የመጨረሻዎቹን ሦስት ቀናት ማገላበጡን ይተዉት።

ጥያቄ፦ ዝይ ዶሮዎቼን ትጠብቅልኛለች?

መልስ፦ ትጮኻለች፤ ጭልፊትንም ልታሸሽ ትችላለች። ውሻና ቀበሮን ግን አትችልም፤ ራሷም የእነሱ ምግብ ትሆናለች። ማታ በሩን መዝጋት የእርስዎ ሥራ ነው። ጩኸቱ ጎረቤትንም እንደሚቀሰቅስ አስቀድመው ያስቡ።

ጥያቄ፦ እኔ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ዶሮዎቼ ደስ ይሉኛል፤ ዝይ ልጨምር እያሰብኩ ነው። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ አባቴ፣ ዝይ በደንብ ከተያዘች 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ትኖራለች። ስለዚህ ከጫጩት ይልቅ ያደጉና እርስ በርስ የተላመዱ ጥንዶች ይፈልጉ፤ ዝዮቹን መያዝ ያቃተው ባለቤት አይጠፋም። ለሁለት ሳምንት በወንፊት ሽቦ ለይተው ከዶሮዎቹ ጋር ይተያዩ፤ በዚያው ጊዜ ጤናቸውንም ይከታተሉ፤ ምክንያቱም ዝይ የፈንግል ተሕዋስን ተሸክማ ምንም ምልክት ላታሳይ ትችላለች። ከዚያ አንድ ቀን ጠዋት፣ ሁሉም መኖአቸውን በልተው ከጠገቡ በኋላ፣ ሽቦውን ይክፈቱና ወንበር አውጥተው ይመልከቷቸው።