ዊንዶውስ 10 ይቆይ ወይስ ወደ 11 እንሸጋገር?

ጥያቄ፦ ለአነስተኛ ድርጅቶች ኮምፒውተር እጠግናለሁ። የሕንፃ መሣሪያ መደብር ያላቸው አንድ ደንበኛዬ ፒችትሪ የተባለውን የሒሳብ መዝገብ ፕሮግራም የሚሠሩበትን ዊንዶውስ 10 መቀየር አይፈልጉም። ምን ልምከራቸው?

መልስ፦ ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠው መደበኛ የደኅንነት ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025 ስላበቃ፣ ከኢንተርኔት ጋር የሚገናኝና የባንክ ሒሳብ የሚታይበት ማሽን በዚያው እንዲቀጥል አልመክርም። በቅድሚያ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሣ የሚከፈተው የማሽኑ መሠረታዊ ማስተካከያ) ውስጥ ገብተው ዊንዶውስ 11 የሚጠይቀው የደኅንነት ቺፕ፣ ቲፒኤም 2.0፣ መኖሩን ይመልከቱ፤ ቺፑ እያለ ተዘግቶ የሚገኝበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ፕሮሰሰሩ ኢንቴል ከሆነ በጥቅሉ 8ኛ ትውልድ ወይም ከዚያ በኋላ የተሠራ መሆን ይኖርበታል። ዝቅተኛው ራም 4 ጊጋባይት ነው ይባላል፤ እኔ ግን ከ8 በታች በሆነው ላይ ባልጭን እመርጣለሁ። ፒችትሪውን በተመለከተ፣ የመረጃውን ቅጂ ወስደው ዊንዶውስ 11 ባለው ሌላ ማሽን ላይ ደረሰኝ እስከ ማተም ድረስ ሳይሞክሩ ዋናውን አይንኩት። ማሽኑ ብቁ ካልሆነ፣ ድርጅቶች በክፍያ እስከ 3 ዓመት የሚያገኙት የተራዘመ ማሻሻያ አለ፤ ዋጋው በየዓመቱ እጥፍ ስለሚሆን ግን ከአንድ ዓመት በላይ የሚያዋጣቸው አይመስለኝም።