የአሬዞ አደባባይ በፊልሙ እንዳየሁት ነውን?

ጥያቄ፦ የጅማ ፈረንጅ አራዳ ነዋሪ ነኝ። ተማሪ ሳለሁ «ላ ቪታ ኤ ቤላ» (ሕይወት ውብ ናት) የተሰኘውን የጣሊያን ፊልም ካየሁ ወዲህ፣ አባት፣ እናትና ልጅ በአንድ ብስክሌት ተፈናጠው ቁልቁል የሚወርዱበት አደባባይ ከዓይነ ኅሊናዬ አልጠፋ ብሏል። ፍሎረንስ ያለችውን እኅቴን ለመጠየቅ ስሄድ አንድ ትርፍ ቀን ይኖረኛል። አደባባዩ የት ነው? ለመግባት ይከፈላል? ለመሆኑ መንገዱን የሚያስቆጭ አይሆንም?

መልስ፦ ያዩት አደባባይ ከፍሎረንስ በባቡር አንድ ሰዓት ገደማ በሚያስኬደው በአሬዞ ከተማ የሚገኘው ፒያሳ ግራንዴ ነው። «ፒያሳ» የሚለው ቃል ለእኛ እንግዳ ስላልሆነ ትርጉም አንጨምርበትም። የሕዝብ አደባባይ ስለሆነ ለመግባት አይከፈልም፤ ከባቡር ጣቢያው ኮርሶ ኢታሊያ የተባለውን ዳገት ይዘው በእግር ይደርሱበታል። የፊልሙ አዘጋጅና መሪ ተዋናይ ሮቤርቶ ቤኒኒ የተወለደውም በዚያው በአሬዞ አውራጃ ነው።

ከጅሬን ወደ ከተማ በብስክሌት ወርደው የሚያውቁ ከሆነ፣ አደባባዩ ለዚያ ትዕይንት የተመረጠበትን ምክንያት ቦታው ላይ እንደቆሙ ይረዱታል፤ ወለሉ ሜዳ ሳይሆን ተዳፋት ነው። ስለዚህ ከላይ በኩል፣ ጆርጆ ቫዛሪ በ1573 እ.ኤ.አ. ከነደፈው ባለ ቅስት ረጅም በረንዳ ሥር ቆመው ወደ ታች ይመልከቱ። በስተቀኝዎ የሳንታ ማሪያ ቤተ ክርስቲያን ክብ ጀርባዋን ለአደባባዩ ሰጥታ ቆማለች፤ ፊቷ ያለው በመጡበት መንገድ ላይ ነው። የደወል ማማዋን የአገሬው ሰው «ባለ መቶ ቀዳዳው» ይለዋል፤ ሆኖም ጥንድ ጥንድ ሆነው የተሠሩት መስኮቶቹ አርባ ስለሆኑ፣ ቀዳዳዎቹ አንድ በአንድ ቢቆጠሩ እንኳ ከሰማንያ አይዘሉም።

ቀኑን ግን ይምረጡ። በየወሩ የመጀመሪያው እሑድና በዋዜማው ቅዳሜ ከ1968 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚካሄደው የጥንታዊ ዕቃዎች ገበያ አደባባዩን ስለሚያጥለቀልቀው፣ እርስዎ የናፈቁትን ባዶ ቁልቁለት አያገኙትም። በሰኔና በመስከረም ደግሞ የአራት ሰፈሮች ፈረሰኞች የሰው ቅርጽ ያለውን ዒላማ በጦር የሚወጉበት ውድድር ስላለ ወለሉ አፈር ይለብሳል። የጉግስ ወዳጅ ከሆኑ ይህን ማየት ለብቻው ጉዞ ያስወጣል፤ ለፊልሙ ሲሉ ከሄዱ ግን ተራ የሥራ ቀን፣ ያውም ወደ ማታ፣ ይሻላል። ፊልሙ በተቀረጸባቸው ቦታዎች ማስታወሻ ሰሌዳዎች ቆመዋል። የእስር ካምፑን ግን በአሬዞ አይፈልጉት፤ የተቀረጸው በኡምብሪያ ግዛት ነው።

ከመሄድዎ በፊት ፊልሙን ደግመው ቢያዩት መልካም ነው፤ በተለይም በሆቴሉ የእጮኝነት ግብዣ ላይ «የኢትዮጵያ ኬክ» የተባለ ግዙፍ ኬክ ሲገባ ልብ ይበሉ። ታሪኩ የሚጀምረው በ1939 እ.ኤ.አ. ነው፤ ያን ጊዜ ጅማም በጣሊያን ጦር እጅ ነበረች። ቤኒኒ በዚያ ትዕይንት የሚሳለቀው በፋሺስቶቹ ድንፋታ ላይ ቢሆንም፣ የእኛ አገር ተመልካች ሳቁ ጉሮሮው ላይ ቢቆም አይፈረድበትም።

የቀረዎትን ሰዓት በሳን ፍራንቼስኮ ቤተ ክርስቲያን ያሳልፉት። ፒዬሮ ዴላ ፍራንቼስካ በ15ኛው መቶ ዓመት የእውነተኛውን መስቀል ታሪክ በግድግዳው ላይ ስሏል፤ ንግሥተ ሳባ መስቀሉ ወደፊት የሚሠራበትን እንጨት አውቃ ስትንበረከክ፣ ቀጥሎም ከንጉሥ ሰሎሞን ጋር ስትገናኝ ያዩዋታል። ንግሥቲቱንም ደንገጡሮቿንም ፈረንጅ አድርጎ ስሏቸዋልና በመልክ ለይቼ አውቃታለሁ ብለው አይጠብቁ። ሥዕሉ ወዳለበት ክፍል የሚገባው በክፍያ ስለሆነ፣ ትኬቱን አስቀድመው ይያዙ።