48 ቮልት የሚል ካርቶን፣ ከቨርጂኒያ የመጣ ቻርጀር እና ሌሎች የባትሪ ካቻቢቴ ጥያቄዎች

ባለፈው ስለ በር ማጠፊያ ስጽፍ በመሀል «እኔ በባትሪ ካቻቢቴ ነው የማስረው» ብዬ አለፍኩ። ስለ ማጠፊያው የጠየቀኝ አንድ ሰው የለም። ስለ ካቻቢቴው ግን ስልኬ እስካሁን አላረፈም። አንዳንዱ ፎቶ ይልካል። አንዳንዱ ማሽኑን በፌስታል ጠቅልሎ እዚህ ባሕር ዳር ግሽ ዓባይ ያለ ሻይ ቤት ድረስ ያመጣልኛል። የተደጋገሙትን ዛሬ እመልሳለሁ። ዋጋ ግን አልጠቅስም፤ ዛሬ የጻፍኩት ሱቅ እስክትደርሱ ሌላ ሆኖ ይጠብቃችኋል።

«ጋሼ፣ ከፖሊ ቴክኒክ ወጥተን ሦስት ሴቶች የኪችን ካቢኔት መግጠም ጀምረናል። ሥራችን በብዛት ኤምዲኤፍ ነው። 12 ቮልት እንግዛ ወይስ 20? ባለሱቁ 12 የልጅ መጫወቻ ነው አለን።» (ከቀበሌ 14)

ባለሱቁ ውዱን መሸጥ ፈልጎ ነው እንጂ 12 መጫወቻ አይደለም፣ እህቴ።

መጀመሪያ ቁጥሩን እንፍታው። በእነዚህ ባትሪዎች ሆድ ውስጥ ያለው የድንጋይ ባትሪ የሚመስል ሴል ነው። አንዱ ሴል 3.6 ቮልት ይሰጣል። ሦስቱ በተከታታይ ሲያያዙ 10.8፣ አምስቱ ሲያያዙ 18 ይሆናል። ልክ ቻርጅ እንደጨረሰ ግን አንዱ ሴል 4.2 ይደርሳል። ሦስቱ 12.6፣ አምስቱ 21 ይሆናሉ ማለት ነው። 12 እና 20 የሚሉት ስሞች ከዚያ የመጡ ናቸው። ስለዚህ 18 የተጻፈበት ባትሪና 20 የተጻፈበት ባትሪ በቮልት አንድ ናቸው። ለሁለቷ ቁጥር ብላችሁ ጭማሪ እንዳትከፍሉ።

ጥሩ የ12 ቮልት ድሪል 30 ኒውተን ሜትር (የመጠምዘዝ ጉልበት መለኪያ ነው) አካባቢ ይጠመዝዛል። ኤምዲኤፍ የተጨመቀ የእንጨት ብናኝ ጣውላ ነው፣ ይህን ሁሉ አይፈልግም። ብሎኑ ገብቶ ከተቀመጠ በኋላ ትንሽ ከገፋችሁት ውስጡን ዱቄት ያደርገዋል፣ ከዚያ ወዲያ አይዝም። ክብደቱም አለ። ክንድን ወደ ላይ ሰቅሎ ሙሉ ቀን የላይኛውን ካቢኔት ማጠፊያ ማሰር ምን እንደሆነ ታውቂዋለሽ። ማታ እንጀራ መቁረስ ያቅታል። 12ቷ ቀለል ያለች ናት።

እና 12 ግዙ ልላችሁ ነው? አይደለም። የላይኛው ካቢኔት ግድግዳ ላይ ይሰቀላላ! ብሎኬት መብሳት አለ፣ ብሎን የሚይዘውን ፕላስቲክ ፊሸር መክተት አለ። ነገ ደግሞ መጋዝ ይመጣል፣ ግራይንደር ይመጣል። በ12 ቮልት እንዲህ ያሉ ማሽኖች እንደ ልብ አይገኙም። በ18 ግን ያው አንዱ ባትሪ ሁሉንም ያዞራል። ስለዚህ ከ18 ቤተሰብ ግቡ፤ ከቤተሰቡ ግን ትንሿን ድሪል ምረጡ፣ ባለ 2 አምፒር ሰዓቷን (ባትሪው የሚይዘው መጠን ነው) ቀጭን ባትሪ ሰክታችሁ። ባትሪ ሁለት ይሁን። አንዱ ሲሠራ አንዱ ቻርጅ ላይ ይዋል።

ከመክፈላችሁ በፊት ባለሱቁን ሁለት ነገር ጠይቁት። ይህ ባትሪ ሌላ ምን ምን ማሽን ላይ ይገባል? ባትሪው ብቻውን ዛሬ መደርደሪያህ ላይ አለ? «ይመጣል» ካላችሁ አመስግናችሁ ውጡ። ይህን የተማርኩት ከፍዬበት ነው። ከዓመታት በፊት 14.4 ቮልት የሆነ ድንቅ ማሽን ገዝቼ ነበር። በሁለተኛው ዓመት ሁለቱም ባትሪዎች ሞቱ። ከዚህ እስከ መርካቶ አስፈለግሁ፤ የለም። ሞተሩ ዛሬም ደህና ነው። የሥራ ቤቴን በር ነፋስ እንዳይዘጋው ይደገፍልኛል።

«የገዛሁት ማሽን ካርቶኑ 48 ቮልት ይላል። ጓደኛዬ ደግሞ 88 የሚል ገዝቶ ይኩራራብኛል። የማን ይበልጣል?» (ከዓባይ ማዶ)

እኩል ናችሁ። ሁለታችሁም 21 ናችሁ።

በቅርቡ አንድ ልጅ እንዲህ ያለውን ይዞልኝ መጥቶ ነበር። ባትሪው ከሥሩ አፋቸው ኮከብ የሆነ አራት ብሎኖች አሉት። ፈታናቸው። ክዳኑ ሲነሳ አምስት ሴል ተደርድሮ ተገኘ፤ በቀጭን ነጭ ብረት ተያይዘዋል፣ በጎናቸው አውራ ጣት የምታህል አረንጓዴ ሰሌዳ አለች። የቮልት መለኪያ ቴስተር አስነካሁት፤ 20.4 አነበበ። ልጁ ቴስተሩን አየ፣ ካርቶኑን አየ፣ እኔን አየ። «ታዲያ 48ቱ የት ሄደ?» አለኝ። ካርቶኑ ላይ ነዋ!

እውነተኛ 48 ቮልት 13 ሴል ይፈልጋል። ያን ሁሉ መዳፍ ላይ በሚቀመጥ ዕቃ ውስጥ ማን አስገባው? አንዳንዶቹ ከቁጥሩ ኋላ «ቪኤፍ» የሚል ፊደል ይጨምራሉ። ሲጠየቁ «የሞዴል ስም ነው» ለማለት ይመቻል።

አምፒሩም ላይ ያው ጨዋታ ነው። የተለመደው ሴል ውፍረቱ 18፣ ቁመቱ 65 ሚሊ ሜትር ነው። በዚህ መጠን ጥሩ የተባለው ሴል 3.5 አምፒር ሰዓት ገደማ ይይዛል። አምስት ብቻ ደርድሮ 6 አምፒር ነኝ የሚል ባትሪ ይዋሻል፤ 6 ለመድረስ አሥር ያስፈልገዋል። ሳትፈታው የምትለይበት መላ ሚዛን ነው። አንዱ ሴል 45 ግራም ገደማ ይመዝናል፣ አሥሩ ብቻቸውን 450። ከነልባሱ 400 የማይሞላ ባትሪ አሥር ሴል የለውም። ከሱቁ ጎን የበርበሬ ሚዛን አይጠፋም። ባለሱቁ ይቆጣል። ይቆጣ።

ይህ ማለት ማሽኑ አይረባም ማለት አይደለም። ለቤት ሥራ ደህና የሚሠራ ገጥሞኛል። 21 ነው ብለህ አስብ፣ በ21 ዋጋ ተከራከር፣ ከዚያ ግዛ።

አንድ ነገር ልጨምርልህ። የብዙዎቹ የባትሪ ማስገቢያ የማኪታን 18 ቮልት ቅርጽ የተከተለ ነው። «ማኪታ ይገባለታል» የሚሏችሁ ለዚህ ነው። ብዙ ጊዜ እውነት ነው፣ ይጠቅማልም። ግን አንዳንዱ ርካሽ ማሽን ባትሪው ሲደክም ራሱን አያቆምም። ደህናውን ባትሪህን እስከ ጥግ መጥጦ ይገድልብሃል። ሞተሩ ድምፁ ሲወርድ ከሰማህ ወዲያው ንቀለው።

«ልጄ ከቨርጂኒያ የዲዋልት 20 ቮልት ሙሉ ዕቃ ልኮልኛል። አንድ ባለሙያ ግን እዚህ 18 ስለሆነ የእርስዎ ባትሪ አይገኝም አለኝ። እውነት ነው?» (ጡረተኛ መምህር፣ ከሽምብጥ)

መምህር፣ ባትሪው አያሳስብዎ። ዲዋልት በአሜሪካ «20 ቮልት ማክስ»፣ በአውሮፓ «18 ቮልት ኤክስአር» ብሎ የሚሸጠው አንዱን ነው። አንዱ ሌላው ላይ ይገባል።

የሚያሳስበኝ ቻርጀሩ ነው። እስካሁን ካልሰኩት አይስኩት። ገልብጠው ጀርባውን በመነጽር ያንብቡ። «ኢንፑት» ከሚለው ጎን 120 ብቻ ከተጻፈ የአሜሪካ ነው፣ የእኛ መብራት ደግሞ 220 ነው። ገበያ ላይ ያለው ትንሹ የሶኬት ማስማሚያ የመሰኪያውን ቅርጽ ብቻ ነው የሚለውጠው። ቻርጀሩ ቦግ ይላል፣ ይሸታል፣ አለቀ። ከ100 እስከ 240 የሚል ከሆነ ግን ያለ ሐሳብ ይስኩት። 120 ከሆነ የ220 ቻርጀር ለብቻው ያስገዙ። ቮልት የሚቀንስ ትራንስፎርመርም ይሠራል፤ ለአንድ ቻርጀር ብሎ ድንጋይ የሚያህል ዕቃ ማቆም ግን እኔን አይጥመኝም።

ልጅዎ ሲመጡ ትርፍ ባትሪ የሚይዙ ከሆነ በእጅ ሻንጣቸው ይያዙት። ከማሽኑ የተለየ ሊቲየም ባትሪ በሚጫነው ሻንጣ አይፈቀድም። ቮልቱን በአምፒሩ ያባዙ፤ 20 በ2 ሲባዛ 40 ዋት ሰዓት ይሆናል። ከ100 የሚያልፍ ትልቅ ባትሪ ከሆነ ግን አስቀድመው አየር መንገዱን ማስፈቀድ አለባቸው። የባትሪውን የብረት ጫፍ በፕላስተር መሸፈንም አይርሱ።

«ለቤት ብቻ ነው የምፈልገው። የሶኬት ክዳን፣ የመጋረጃ ዘንግ፣ የልጆች አልጋ። የቱን ልግዛ?» (እናት፣ ከዲያስፖራ ሰፈር)

እትዬ፣ ባለ አንድ ሴሏን 3.6 ቮልት ይግዙ። መሳቢያ ውስጥ ትገባለች። በስልክ ቻርጀር የምትሞላ አለች፤ መብራት ሲጠፋም ከፓወር ባንክ ትጠጣለች። ጉልበቷ 5 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ለአልጋው ብሎን ይበቃል። ግድግዳ ግን አትበሳም፤ ለመጋረጃው ዘንግ ድሪል ያለው ጎረቤት ይጥሩ። የሶኬት ክዳን ከመፍታትዎ በፊት ብሬከሩን ያውርዱ።

«አዲሱ ማሽኔ የብሎን አፍ እየበላ አስቸገረኝ። ጉልበቱ በዝቶ ነው?» (አናጺ፣ ከሰባታሚት)

ጉልበቱም አለበት፣ ዋናው ጥፋተኛ ግን ብሎኑ አፍ ውስጥ የሚገባው ጫፍ፣ ቢቱ ነው። መስቀል አፍ ሁሉ አንድ አይደለም። ፒኤች አለ፣ ፒዜድ አለ። ብሎኑን ወደ ብርሃን አዙረህ እየው። ከመስቀሉ ሌላ በመሀል ቀጫጭን ሰያፍ ጭረቶች ካሉት ፒዜድ ነው። የፒኤች ቢት እዚያ ይገባል፣ ግን ይወላገዳል፤ ሁለት ሦስቴ ሲንሸራተት አፉን ይላጨዋል። ከማሽኑ ጋር በነጻ የመጣልህ ቢት ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለስላሳ ብረት ነው። ጣለው። ሁለት ጠንካራ ቢት ግዛ፣ ፒኤች 2 እና ፒዜድ 2። ባለ ስድስት ማዕዘኑ ቂጡ ሩብ ኢንች ስለሆነ ማሽን አይመርጥም።

ቀጥሎ ከማሽኑ አፍ ኋላ ያለውን ቁጥር የተጻፈበትን ቀለበት ተመልከት። አብዛኛው ሰው የድሪል ምልክቱ ላይ አድርጎት ይረሳዋል። ከትንሹ ቁጥር ጀምር። ብሎኑ ሳይገባ «ጠ ጠ ጠ» ካለ አንድ ጨምር። እንጨቱ ለስላሳ ከሆነ ይህ ይበቃል። ደረቅ ባህር ዛፍ ላይ ግን አይሞከርም። ለ4 ሚሊ ብሎን መጀመሪያ በ2.5 ሚሊ ፑንታ ብሳ። ብሎኑንም ደረቅ ሳሙና ላይ አሸት አድርገው። አባቶቻችን በእጅ ካቻቢቴ ሲያስሩ የሚያደርጉት ነው፣ ባትሪም ይቆጥባል።

«ባትሪው ሙሉ በሙሉ ሳያልቅ ቻርጅ ማድረግ ይጎዳዋል ይባላል። እውነት ነው?» (ብዙ ሰው)

ያ ወሬ የድሮው የኒኬል ካድሚየም ባትሪ ነው። የዛሬው ሊቲየም ነው፤ ሩብ ሲሠራም ቻርጅ ብታደርጉት አይከፋውም። ባዶውን አስቀምጣችሁ ክረምቱን ማሳለፍ ነው የሚገድለው። ለረጅም ጊዜ ካስቀመጣችሁት ግማሽ አካባቢ ሞልታችሁ ይሁን። ሁለተኛው ጠላት ሙቀት ነው። በሚያዝያ ፀሐይ ባጃጅ መስታወት ሥር የዋለ ባትሪ ወዲያው ቻርጅ ላይ አይደረግም። እጅ የማያቃጥል እስኪሆን ጥላ ውስጥ አስቀምጡት።

«ጀልባዬን ስጠግን ማሽኑ ከነባትሪው ጣና ውስጥ ወደቀ። ወዲያው አውጥቼ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አደረቅሁት። አሁን ቻርጅ ላድርገው? ደግሞ የጀልባው ብሎኖች ቶሎ ይዝጉብኛል።» (ጀልባ ነጂ፣ ከዘጌ)

ከቀላሉ ልጀምር። ለጀልባ የቤት ዕቃ ብሎን አይሆንም። ስቴንለስ ወይም የነሐስ ግዛ። ሁለቱም ከተራው ብሎን ለስለስ ይላሉ፤ አስቀድመህ ብሳላቸው፣ ማሽኑንም ቀስ አድርገህ አዙር፣ አለዚያ አንገታቸው ይቆረጣል። ጎረቤቶችህ ታንኳ ሠሪዎች ደንገሉን አስረው ያለ አንድ ብሎን ነው የሚቀዝፉት፤ እነሱ እንዲህ ያለ ጣጣ የለባቸውም።

ማሽኑ ሊድን ይችላል። ባትሪው ግን አይድንም። ቻርጅ እንዳታደርገው። ከላዩ ደርቆ ታየህ እንጂ ውሃው በሴሎቹ መሀልና በሰሌዳው ሥር ገብቷል፣ ብረቱን እየበላ ነው። ዛሬ ዝም ብሎ ነገ ሊቀጣጠል ይችላል። ሩዝ ውስጥ መቅበርም አያድነውም። ፀሐይ ላይ ማዋሉም ትክክል አልነበረም፣ እሱ አልፏል።

የት እንዳስቀመጥከው አልነገርከኝም። አልጋ ሥር ወይም የጀልባው ሣጥን ውስጥ ከሆነ፣ ይህን እንዳነበብክ አውጣውና ሣርና እንጨት የሌለበት ደረቅ መሬት ላይ፣ ልጆች ከማይደርሱበት፣ ብቻውን አኑረው።