የጆርጅ ዋሽንግተን የቅየሳ ዘመን ወረቀቶች

ጠያቂያችን፣ ጆርጅ ዋሽንግተን ፕሬዚዳንት ከመሆኑ በፊት መሬት ቀያሽ ሳለ የጻፋቸው ወረቀቶች ተርፈው እንደሆነ ላነሡት ጥያቄ መልሱ አዎን ነው፤ ያውም በብዛት ተርፈዋል። አብዛኞቹ ሰነዶቹ የአሜሪካ መንግሥት በ1834 እና በ1849 እ.ኤ.አ. ከቤተሰቡ የገዛቸው ሲሆኑ፣ ዛሬ በኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተጠብቀው ምስላቸው በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። ከሚስቱ ከማርታ ጋር የተጻጻፋቸው ደብዳቤዎች ግን እርሷ ስላቃጠለቻቸው ከጥቂቶች በቀር መጥፋታቸው እጅግ ያሳዝናል።

አስቀድመው እንዲያነቡት የምመክረው በ1748፣ ገና በ16 ዓመቱ፣ በቨርጂኒያ ወደሚገኘው ሸናንዶዋ ሸለቆ ለቅየሳ ሲሄድ የያዘውን የዕለት ማስታወሻ ነው፤ አንድ ምሽት አንሶላ በሌለው የገለባ ጉዝጓዝ ላይ፣ ቅማልና ቁንጫ የወረረውን አንድ ስስ ብርድ ልብስ ለብሶ መተኛቱን ሳይደብቅ ጽፏል። የጂኦሜትሪና የቅየሳ ልምምዶቹን የያዙት የልጅነት ደብተሮቹም በዚያው ቤተ መጻሕፍት ይገኛሉ።